ጠዋት የተነሳው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ለምን እምቢ ይላል? ልደታና ስስ አየር

የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለውን የሰፈር ስም ታውቁታላችሁ። ግን «አሮጌው ኤርፖርት ምን ሆኖ ነው አሮጌ የተባለው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ልደታ ሲባል ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ኮንዶሚኒየሙና ባቡር ጣቢያው ነው ትዝ የሚለን። ከቦሌ በፊት ግን የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1946 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ የተጠቀመው ዳግላስ ሲ-47 የተባለውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባለውን ጄት ለማስገባት ሲያስብ ግን ችግር ገጠመው፤ የልደታ መንደርደሪያ ለጄቱ አጭር ሆነ። ስለዚህ ቦሌ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። በዲሴምበር 1962 የቦሌ መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማ ሥራ ጀመሩ፤ ከዚያም የጄት በረራ ተጀመረ።

«መንደርደሪያው አጭር ነው» የሚለው ነገር ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ያው መንደርደሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ኖሮ ለብዙ አውሮፕላኖች ይበቃቸው ነበር። ሌላው ግማሽ ያለው አየሩ ውስጥ ነው። ይሄ ደግሞ ትልልቅ ጄቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አንድ ቀን የግል አብራሪ ለመሆን የምታስቡ ካላችሁ፣ በአገራችን ደጋ ላይ ሕይወታችሁን ከሚያተርፉ እውቀቶች አንዱ ይሄ ነው።

ስስ አየር ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከበላያችን ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ስለሆነ፣ የሚጫነን ግፊትም ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠን ማለትም እፍግታው ይቀንሳል።

ሯጮቻችን እንጦጦና ሱሉልታ ላይ የሚለማመዱት ሰውነታቸው ይህንን አየር እንዲለምድ ነው። ደማቸው ተጨማሪ ቀይ ሕዋሳት ያመርታል። ተራ የአውሮፕላን ሞተር ግን አይለምድም። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ቢኖርም፣ ሁሌም ዛሬ ከቆላ እንደመጣ እንግዳ ያለከልካል።

ስስ አየር አውሮፕላኑን በሦስት በኩል ይጎዳዋል። ክንፉ የሚገፋው አየር ስለሚያንስ የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚወረውረው አየር ስለሚያንስ የመጎተት ኃይሉ ይቀንሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሦስቱ ደግሞ ተራ አይጠባበቁም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጡት።

እስቲ አብረን እናስላ

ከፍታ ብቻውን ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር፤ ልደታ ነገም እዚያው ነው። አስቸጋሪው ሙቀት ነው። አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ይሳሳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለአውሮፕላኑ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው።

አብራሪዎች ይህንን የሚለኩበት ዘዴ «ዴንሲቲ አልቲቲዩድ» ይባላል፤ እኛ «የእፍግታ ከፍታ» እንበለው። የሚመልሰው ጥያቄ «አውሮፕላኑ ስንት ሜትር ላይ ያለ ይመስለዋል?» የሚለውን ነው። መሐንዲሶች ለንጽጽር እንዲመች አንድ መደበኛ አየር አስቀምጠዋል፦ ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ፣ ከዚያ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚቀንስ። ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ስሌት የልደታ መደበኛ ሙቀት 0 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ከመደበኛው በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 37 ሜትር ያህል እንጨምራለን።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ነው እንበል። 10 ሲባዛ በ37 ያው 370 ነው። የእፍግታ ከፍታው 2,720 ሜትር ሆነ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢደርስስ? 25 ሲባዛ በ37፣ 925 ይመጣል። ድምሩ 3,275 ሜትር ነው።

አያችሁት? ከሰዓት በኋላ ልደታ ሜዳ ላይ የቆመው አውሮፕላን እንጦጦ አናት ላይ ያለ ይመስለዋል።

እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለሉ በ28 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተር ከጉልበቱ ሲሶውን ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሳው አውሮፕላን፣ እዚህ መሬቱ ላይ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ አለበት። በደከመ ሞተር የበለጠ ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት ማለት ነው። ውጤቱም፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ዓይን የሚያታልልበት ቦታ

እኔ የምህንድስና ተማሪ እንጂ አብራሪ አይደለሁም። ስሌቱን ስሠራ በጣም ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን የሰው ዓይን የሚሠራው ስህተት ነው።

የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ የሚለካው ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ነው። አየሩ ሲሳሳ መለኪያውም ክንፉም እኩል ነው የሚነካቸው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ «100» ሲል የሚነሳ አውሮፕላን፣ ልደታም ላይ መለኪያው «100» ሲል ይነሳል። መሬቱ ግን በ118 እየሮጠ ነው የሚያልፈው። ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ላይ ሠልጥኖ አዲስ አበባ የመጣ አብራሪ ይህንን ሲያይ «በጣም ፈጥኛለሁ» ይላል። ሲነሳ አፍንጫውን ያለጊዜው ቀና ያደርጋል። ሊያርፍ ሲል ደግሞ ፍጥነቱን ከሚገባው በታች ይቀንሳል። ሁለቱም ወደ ስቶል ይወስዱታል፤ ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ድንገት ያጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አውሮፕላን መሬት አጠገብ ሲሆን መሬቱ ራሱ ያግዘዋል፤ ከክንፉ ጫፍ የሚወጣውን የአየር ሽክርክሪት ስለሚያግደው የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ገና አቅም ሳይኖረው ብድግ ሊል ይችላል። ጥቂት ሜትር ከፍ ሲል ግን እገዛው ይቀራል። አውሮፕላኑ ተነስቷል፣ ግን አይወጣም። ከፊት ባሕር ዛፉ፣ ቤቱ፣ ተራራው እየቀረበ ነው። አብራሪው በድንጋጤ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል። ብዙዎች የሚሞቱት በዚህች ሰከንድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 17 ዓመት መሙላትና በመደበኛው መንገድ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። በደጋ አገር ለሚበር ሰው ግን ከዚህ በላይ አራት ልማዶች ያስፈልጉታል።

*አንደኛ፣ አስቀድሞ ማስላት።* እያንዳንዱ አውሮፕላን በምን ከፍታ፣ በምን ሙቀትና በምን ክብደት ስንት ሜትር እንደሚፈልግ የሚያሳይ ሰንጠረዥ መመሪያው ውስጥ አለ። ሰንጠረዡ የተሠራው በአዲስ አውሮፕላንና በሠለጠነ አብራሪ ስለሆነ፣ ብልህ ሰው ከላዩ መጠባበቂያ ይጨምርበታል።

*ሁለተኛ፣ ክብደት መቀነስ።* አየሩን ማወፈር አይቻልም፤ ሻንጣ መተው፣ አንድ ሰው ማስቀረት፣ ነዳጁን ለጉዞውና ለመጠባበቂያው በሚበቃው ልክ መቅዳት ግን ይቻላል።

*ሦስተኛ፣ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ማስተካከል።* በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ለዚህ የሚያገለግል ቀይ እጀታ አለ። ባሕር ዳርቻ ላይ እጀታው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ይነሳል። ደጋ ላይ እንዲሁ ከተደረገ፣ ለጥቂት አየር ብዙ ነዳጅ ስለሚገባ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ አብራሪው መመሪያው በሚለው መሠረት ከመነሳቱ በፊት ነዳጁን ይቀንሳል።

*አራተኛ፣ የግማሽና የሰባ በመቶ ሕግ።* መንደርደሪያው አጋማሽ ላይ ስትደርሱ ለመነሳት ከሚያስፈልጋችሁ ፍጥነት 70 በመቶው ላይ ካልደረሳችሁ፣ አቁሙ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ፊዚክስ ክፍል ውስጥ እንደተማራችሁት፣ ፍጥነት እኩል እየጨመረ ሲሄድ የሚሸፈነው ርቀት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። 0.7 ሲባዛ በ0.7፣ 0.49 ነው፤ ግማሽ ማለት ይቻላል። በግማሹ መንገድ 70 በመቶ ላይ ያልደረሰ አውሮፕላን በቀረው ግማሽ መቶ በመቶ አይደርስም። የሕጉ ጥሩነት ውሳኔው መሬት ላይ እያላችሁ፣ ገና ለመቆም ቦታ እያለ መወሰኑ ነው። ስለዚህ አብራሪው ከመንደርደሩ በፊት የመንደርደሪያውን አጋማሽ በዓይኑ ምልክት ያደርግበታል፤ እዚያ ሲደርስ ለማሰብ ጊዜ የለውም።

ለትልልቆቹም አይቀርም

የቦሌ መንደርደሪያ ዛሬ ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል። እንዲያም ሆኖ ስስ አየሩ አልተሸነፈም። ዘመድ ዋሽንግተን ያላችሁ ልብ ብላችሁ ይሆናል፦ ለብዙ ዓመታት በረራው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ ሲመጣ፣ ሲሄድ ግን መሃል አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። አንዱ ምክንያት ከፊት የሚነፍሰው ንፋስ ሲሆን፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ከፍታ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ከባድ መሆኑ ነው። ለአዲሱ ትልቅ ማረፊያ የተመረጠው የቢሾፍቱ አካባቢ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አሁን ይህ ቁጥር ለሞተሩ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ትንሹን አውሮፕላን የያዘው የግል አብራሪ ግን 3,800 ሜትርም፣ የመሐንዲሶች ቡድንም ላይኖረው ይችላል። ያለው ቴርሞሜትር፣ ሰንጠረዥና እርሳስ ነው። ስሌቱ «አይሆንም» ካለው ማድረግ ያለበት ነገር ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑን አስሮ ወደ ቤቱ ይሂድና ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይመለስ። በእኛ ምሳሌ ይህ ብቻውን 555 ሜትር ያተርፍለታል።