በድብርት ውስጥ የሴቶች ሙከራ፣ የወንዶች ሞት

ድብርት በብዛት የሚታየው በሴቶች ላይ ነው፤ ራሳቸውን አጥፍተው የሚሞቱት ግን በብዛት ወንዶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2019 ባወጣው ግምት፣ በዓመቱ ከመቶ ሺህ ወንዶች 12.6፣ ከመቶ ሺህ ሴቶች ደግሞ 5.4 ያህል በዚህ መንገድ ሞተዋል። ሙከራው ሲቆጠር ሚዛኑ ይገለበጣል፤ በአብዛኛው አገር ሞክረው የሚተርፉት ሴቶች ይበዛሉ። «ማን ይበልጥ አደጋ ላይ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የማይገኘው በዚህ የተነሳ ነው።

በኢትዮጵያ የሙከራውን ጉዳይ በስፋት ያጠናው በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ምርምር ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው 10,468 ጎልማሶችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። ከተጠየቁት 3.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ነበር፤ ከእነዚህም 63 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። ሙከራው የበዛው ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በኋላ በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው 16ቱ ራሳቸውን አጥፍተዋል። ሙከራ በይበልጥ የታየው ከባድ ድብርት በነበረባቸው ዘንድ ነው።

የሴቶቹን ድብርት ከቤታቸው ኑሮ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በቡታጅራ ትዳር ከያዙ ወይም ከያዙ በኋላ ከተለያዩ ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት ከባል ወይም ከፍቅር ጓደኛ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ተመራማሪው ንጉሴ ደየሳና ባልደረቦቻቸው ይህ ጥቃት ከድብርት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። እንዲህ ካለ ቤት የመጣን ሙከራ «ለማስፈራራት ነው» ብሎ ማጣጣል ከባድ ስህተት ነው፤ አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው በኋላ የመሞት አደጋው ከሌላው እጅግ ከፍ ይላልና።

ወንዱ የሚሞተው ሕመሙ ከሴቷ ስለከፋ አይደለም። መጠጥ፣ ጫትና ሌላ ሱስ አደጋውን ያከብዱታል፤ ሲሞክርም ለመታደጊያ ጊዜ የማይሰጥ መንገድ ይመርጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይናገርም። ሴቷ ለእርግዝና ክትትልና ለልጅ ክትባት ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች፤ ሐዘኗንም ለእናቷ፣ ለጎረቤቷ ታካፍላለች። ወንዱ ቢመጣ እንኳ «ወገቤን ነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። የድብርት መለኪያ ሆኖ በኢትዮጵያም የተፈተሸው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ መጨረሻው ላይ ስለ ሞት ሐሳብ ይጠይቃል። ባለሙያው እዚያ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ካለፈው፣ ያ ሰው መድኃኒት ተቀብሎ ጭንቀቱን ይዞ ይወጣል። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይዘራ በጥናት ተረጋግጧል።

ይህ ልዩነት ግን የተፈጥሮ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቻይና ገጠር ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ራሳቸውን አጥፍተው ይሞቱ ነበር፤ ኑሮው ተለውጦ ሴቶች ወደ ከተማና ወደ ሥራ ሲወጡ ቁጥሩ እጅግ ወርዷል።

በአማራ ክልል በከሚሴ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 አካባቢው ግጭትና ጦርነት አይቷል፤ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ያሉ ቤተሰቦች ሰውና ንብረት አጥተዋል። ሰዉን ለማግኘት ግን መንገድ አለ፤ በዚያው ዞን ያለው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ያገናኛል። ወንዱ ሐኪም ቤት ባይሄድም ገበያ፣ መስጊድና ጫት መቃሚያ ይገኛል፤ ጤና ባለሙያዎችም ሊያገኙት የሚችሉት እዚያ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብስብ ቡና አፍልተው ዱአ ያደርጋሉ፤ ይህ መሰባሰብ መጽናኛቸው ነው፣ ሕክምናውን ግን አይተካም።

ሕክምናውም አለ። ኢትዮጵያ ጠቅላላ የጤና ባለሙያዎች ድብርትን እንዲያክሙ የሚያሠለጥነውን የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር ተቀብላለች፤ በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም ከባድ ሕሙማንን ይቀበላል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው የቅርብ ዘመዱ ብቻውን ሳይተወው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሊያደርሰው ይገባል፤ ሞክሮ የተረፈም ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ክትትል ያስፈልገዋል፣ አደጋው እንደገና የሚበረታው ያን ጊዜ ነውና።