የሥዕል መጻሕፍት እና የጀማሪ ማንበቢያዎች አመራረጥ

የሥዕል መጽሐፍ ማለት ታሪኩ በሥዕልና በጥቂት ጽሑፍ የሚነገርበት፣ በአብዛኛው ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ላሉ ልጆች የሚዘጋጅ መጽሐፍ ነው። የጀማሪ ማንበቢያ ደግሞ ፊደል መለየት የጀመረ ልጅ በራሱ እንዲያነበው ሆን ተብሎ በቀላል ቃላት የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የሥዕል መጽሐፍን ትልቅ ሰው ለልጁ ያነብለታል፤ የጀማሪ ማንበቢያን ግን ልጁ ራሱ ያነበዋል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲመረጥ «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የሚያነበው ማን ነው?» የሚለው ይቀድማል።

ታሪክ

ለልጆች ትምህርት ከተዘጋጁ ቀደምት ባለሥዕል መጻሕፍት አንዱ የሞራቪያው ምሁር ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ያሳተመው «ኦርቢስ ፒክቱስ» ነው። ሥዕልና ጽሑፍ ተደጋግፈው የሚተርኩበት የዛሬው ዓይነት የሥዕል መጽሐፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በሠዓሊው ራንዶልፍ ካልዴኮት ሥራዎች ታወቀ። በእርሱ ስም የተሰየመው የአሜሪካ የሥዕል መጽሐፍ ሽልማት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል።

የጀማሪ ማንበቢያ መልክ የተለወጠው በ1950ዎቹ ነው። ጆን ኸርሲ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1954 የትምህርት ቤት ማንበቢያዎች አሰልቺ መሆናቸውን ተቸ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዶክተር ስዩስ 236 የተለያዩ ቃላትን ብቻ ተጠቅሞ ባርኔጣ ስላጠለቀ ድመት የሚተርክ መጽሐፍ አወጣ። ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም ታሪኩ አስቂኝ በመሆኑ ቀላል ጽሑፍ የግድ አሰልቺ እንዳልሆነ አሳየ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ልጆች ታሪክን ለረጅም ዘመን ያገኙት በዋናነት በቃል ከሚነገር ተረት ነው። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ይህንኑ ልማድ ወደ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አምጥተው ለብዙ ዓመታት ተረት ነግረዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከልጆች ጋር ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በዚያ ባለው ስብስብ ውስጥ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት በማጣታቸው፣ ልጅነቷን በኢትዮጵያ ካሳለፈችው ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ስለ ቂሉ ማሞ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በሐዋሳ ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚጓዝ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ችሎታ ፍተሻ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀድይኛ አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። መማሪያ መጽሐፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ፊደል የለየ ልጅ ማንበብ የሚቀናው በአቅሙ የተጻፉ ብዙ ትንንሽ መጻሕፍት ሲያገኝ ነው።

የሥዕል መጽሐፍ አመራረጥ

እስከ ሁለት ዓመት ለሚሆን ሕፃን ገጹ ወፍራም፣ ሥዕሉ ትልቅና ግልጽ፣ የሚታየውም ነገር በየቀኑ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል፤ ለምሳሌ ኩባያ፣ ጫማ፣ ዶሮ፣ የሰው ፊት። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመ የሚመጣበትን መጽሐፍ ይወዳሉ፤ ቀጥሎ የሚባለውን ቀድመው መናገር ስለሚችሉ። ከአራት ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ መነሻ፣ ችግርና መፍትሔ ያለው ታሪክ ይስማማል።

የጥሩ ሥዕል መጽሐፍ ዋና ምልክት ሥዕሉ ጽሑፉ ያልተናገረውን መናገሩ ነው። ጽሑፉ «ልጁ ተኛ» ሲል ሥዕሉ ልጁ አንድ ዓይኑን ገልጦ ሲያይ ቢያሳይ፣ ተመልካቹ ሕፃን ከተራኪው የበለጠ ያውቃል። ይህን ለመፈተን ጽሑፉን በእጅ ሸፍኖ ሥዕሎቹን ብቻ ማየት ይቻላል። ሥዕሎቹ ልጁን የሚያናግሩት ከሆነ መጽሐፉ ጥሩ ነው።

በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ከበድ ያለ ቃል መኖሩ ጉድለት አይደለም፤ አንባቢው ትልቅ ሰው ስለሆነ ቃሉን ያስረዳል። በ1988 እ.ኤ.አ. ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች እያነበቡ ጥያቄ ሲጠይቁና የልጁን መልስ ሲያሰፉለት የልጁ ንግግር እንደሚሻሻል ታይቷል። ለምሳሌ ልጁ «ውሻ» ካለ «አዎ፣ የራበው ትልቅ ውሻ» ብሎ መመለስ ይቻላል።

አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደጻፈችው መጽሐፍ ለልጅ መስታወትም መስኮትም ነው። በመስታወቱ ራሱን፣ በመስኮቱ ሌላውን ያያል። ስለ በረዶና ስለ ባቡር ብቻ የሚያይ የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ማርቆስ ልጅ መስኮት እንጂ መስታወት የለውም።

የአማርኛ ጀማሪ ማንበቢያ አመራረጥ

የአማርኛ ጀማሪ ማንበቢያ ከቋንቋው ጠባይና ከፊደሉ ጋር በተያያዙ በሚከተሉት ነጥቦች ይመዘናል።

የፊደል ብዛት፦ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ እና ጓ ያሉት ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። ልጁ ሁሉንም እስኪያውቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በተማራቸው ፊደላት ብቻ የተጻፈ አጭር ታሪክ ይመረጣል። እንደ ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ ያሉ በትንሽ ምልክት ብቻ የሚለያዩ ፊደላት በግልጽና በትልቅ መጠን መታተም አለባቸው።

የቃል ርዝመት፦ አማርኛ በአንድ ቃል ውስጥ ብዙ ሐሳብ ይጨምቃል። «አልመጡላትም» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ሲሆን ሰባት ፊደላት አሉት። በሌላ ቋንቋ ይህ ሐሳብ በአምስትና በስድስት አጫጭር ቃላት ሊጻፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ «ደረጃ 1» ቢልም በአማርኛ ለጀማሪ ሊከብድ ይችላል፤ ደረጃው የተለካው በመጀመሪያው ቋንቋ ነውና። «ላም ውሃ ጠጣች» ዓይነት አጫጭር ቃላት ያሉት ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ይሻላል።

መጥበቅና መላላት፦ የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅን አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ «እስካሁን» የሚለውን ያመለክታል፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ልጁ ትክክለኛውን የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩና ከሥዕሉ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ገጽ ላይ መሆኑ ይጠቅማል።

ሳድስ፦ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም። «ብርድ» በሚለው ቃል ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ሳድስ የተደራረበባቸው ቃላት በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ጥቂት ቢሆኑ ይመረጣል።

ወጥ አጻጻፍ፦ «ፀሐይ» በአንድ ገጽ፣ «ጸሀይ» በሌላ ገጽ የተጻፈበት መጽሐፍ ጀማሪን ያደናግራል። ቃልን ለሁለት ከፍሎ ወደ ቀጣዩ መስመር የሚያሻግር አቀማመጥም እንዲሁ።

መጽሐፉ ለልጁ ይመጥን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል። በአምስት ጣት መቁጠር የተለመደ ዘዴ ነው፤ ያቃተው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ይታጠፋል፣ አምስቱ ካለቁ መጽሐፉ ከብዷል ማለት ነው። ሆኖም በገጹ ላይ ዐሥር ቃላት ብቻ ካሉ አምስት ማለት ግማሹ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ መጽሐፍ ሁለት ቃል ቢያቅተው እንኳ ቀለል ያለ ይፈለጋል። የከበደው መጽሐፍ አይጣልም፤ ትልቅ ሰው የሚያነብለት ይሆናል።

ከኢትዮጵያ ውጭ ለሚያድጉ ልጆች

በውጭ አገር የሚያድጉ ብዙ ልጆች አማርኛ ቢሰሙም ፊደል የሚጀምሩት ዘግይተው ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአማርኛ ጀማሪ ቢሆንም ለሕፃን የተጻፈ ታሪክ ሊያሳፍረው ይችላል። ለእርሱ የሚስማማው ጽሑፉ ቀላል፣ ጉዳዩ ግን ለዕድሜው የሚመጥን መጽሐፍ ነው፤ ለምሳሌ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ዋልያ ወይም ስለ ላሊበላ የሚናገር። በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የታተሙ መጻሕፍት ወላጅን ያግዛሉ፤ ልጁ ግን የሚቀናውን ቋንቋ ብቻ እንዳያነብ አማርኛውን ቀድሞ ማንበብ ይመከራል።

መጻሕፍት ሲጠፉ

መጽሐፍ በቀላሉ በማይገኝበት አካባቢ በነጻ ወርደው ሊታተሙ የሚችሉ ታሪኮች አሉ። የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና የሕንዱ «ስቶሪዊቨር» በአማርኛም የቀረቡ ታሪኮች አሏቸው። ማንኛውም ሰው ሊተረጉምባቸው ስለሚችል ግን ከማተም በፊት አጻጻፉን ማረም ያስፈልጋል።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችና አያቶችም ድርሻ አላቸው። ጽሑፍ የሌለውን የሥዕል መጽሐፍ ገልጠው ታሪኩን እንደ ተረት በራሳቸው ቃል ሊነግሩ ይችላሉ። ልጁም መጽሐፍ ከየት እንደሚጀመር፣ ገጽ እንዴት እንደሚገለጥና ታሪክ እንዴት እንደሚሄድ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ይማራል።