ውሃ፣ ማር ወይስ ማሽን? የእግር ቁስል ሕክምና ከአሶሳ ሲታይ

አሶሳ ዙሪያ እግር የሚያቆስለው ነገር ብዙ ነው። በባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ ላይ ጉድጓድ ይናዳል፣ ቀርከሃ ሲቆረጥ ገጀራ ይስታል፣ በኮረኮንች መንገድ ሞተር ሳይክል ይገለበጣል። ከሁሉም አስቸጋሪው የቅልጥም ጉዳት ነው። ከፊት በኩል አጥንቱን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ብቻ ስለሆነ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፤ ቁስሉም ቶሎ አይሞላም። አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ከወጣማ ኢንፌክሽን ገብቶ ቁስሉ ለዓመታት ሊመግል ይችላል። ለከፍተኛ ሕክምና የሚኬድበት አዲስ አበባ ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

በሀብታም አገሮች እንዲህ ያለው ቁስል በስፖንጅ ተሞልቶ በፕላስቲክ ይታሸግና ፈሳሹን የሚስብ ፓምፕ ይገጠምለታል። ዋጋው ውድ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከባድ የእግር ስብራትና ቁስል የደረሰባቸውን 460 ሰዎች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን ፓምፑን ከተለመደው የቁስል መሸፈኛ ጋር ሲያነጻጽር፣ ከዓመት በኋላ በሰዎቹ አቅም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በኢንፌክሽንም እንዲሁ። ለአሶሳ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና የሁለቱም ወገን ታካሚዎች ቁስል አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ክፍል በሚገባ ተጠርጎ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ጠረጋ ላይ ነው። ሕንድን ጨምሮ በአምስት አገሮች ከ2,400 በላይ ሕሙማንን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የተከፈተ ስብራትን በምን ማጠብ እንደሚሻል መርምሯል። በሳሙና የታጠቡት በጨው ውሃ ከታጠቡት ይልቅ በብዛት ለድጋሚ ቀዶ ሕክምና ተዳርገዋል። የውሃው ግፊት መጨመርም ጥቅም አላመጣም። ስለዚህ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ከረጢት በቀስታ የሚወርድ ብዙ የጨው ውሃ ይበቃል። ለቀላል ቁስል ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃም ይሆናል። ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ አረፋ ስለሚያወጣ የሚያጸዳ ይመስላል እንጂ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳል።

ከእጥበት በኋላ የሞተ ሥጋ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ቆሻሻ የገባበት ቁስል የዚያኑ ዕለት አይሰፋም። ክፍቱን በጎዝ ተሸፍኖ ይቆይና ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ከአራት እስከ ሰባት ባለው ቀን ይዘጋል። ታካሚው «አሁኑኑ ስፉልኝ» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን መግል ውስጥ ተዘግቶ ቢቀር እግሩን ሊያሳጣው ይችላል።

አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማር አገር ስለሆነ ስለ ማርም መነሳቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ማር መካከለኛ ጥልቀት ላለው ቃጠሎና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላመረቀዘ ቁስል እንደሚረዳ ገልጿል፤ በደም ሥር ችግር ለሚመጣ የእግር ቁስል ግን ጥቅሙ አልታየም። ለሕክምና የሚውለው ማር በጨረር ከተህዋሲያን የጸዳ ነው። ከገበያ የተገዛውን ማር አጥንት በሚታይበት ቁስል ላይ ማድረግን አልደግፍም።

የክልሉ ሌላው ሀብት ቀርከሃ ነው፤ ወጌሻ ስብራት የሚያስረውም በእንዲህ ያለ እንጨት ነው። ወጌሻው ባይኖር ብዙ ገጠር ያለ ረዳት ይቀራል፤ ሆኖም ከመጠን በላይ የጠበቀ እሥራት ደም ያግድና እግሩ በጋንግሪን ይሞታል፤ መጨረሻውም መቆረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ወጌሾች አጭር ሥልጠና ሲያገኙ ይህ ጉዳት መቀነሱን አሳይቷል። ክልሉም እንዲህ ያለውን ሥልጠና ለወጌሾቹ ሊሰጥ ይገባዋል።

የእርስዎም ሆነ የጎረቤትዎ እግር ከተመታ፣ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ያቁሙ፣ ቁስሉን ይሸፍኑ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይድረሱ። የቴታነስ መርፌም ይጠይቁ፤ እርጉዝ ሴቶች በክትትል ወቅት ያገኙታል፣ ጎልማሳ ወንዶች ግን ብዙ ጊዜ አልወሰዱትም። አጥንት ከታየ ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት በቶሎ መጀመር አለበት። የታሰረው እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ እሥራቱን ወዲያውኑ ያስፈቱ።