የወንዛችን ሸርጣን

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ከእንጦጦ ወደ ጉለሌ ከሚወርድ ጅረት ያገኘውን ፍጡር በጣሳ ይዞ ክፍል ገባ። ግማሹ «ጊንጥ ነው!» አለ፤ ግማሹ «ይገደል!» አለ። ጊንጥ አይደለም። ሸርጣን ነው። የዛሬው ቃላችንም ሸ-ር-ጣ-ን ነው።

እስቲ እግሮቹን ቁጠሩ። 10 ናቸው። የፊተኞቹ 2 መቆንጠጫዎች ናቸው፤ በነሱ ይይዛል፣ ራሱንም ይከላከላል። በቀሩት 8 እግሮች ወደ ጎን ይሄዳል። የሚበላው የወደቀ ቅጠል፣ ትልና የሞተ ነፍሳት ነው፤ ስለዚህ ወንዙን ያጸዳል። ቅርፊቱ አብሮት ስለማያድግ በየጊዜው ያወልቀዋል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ድንጋይ ሥር ይደበቃል። የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው። ስንጥቡ እርጥብ እስከሆነ ከውሃ ወጥቶም ጥቂት ይቆያል።

በባሕር ዳርቻ ዓለት ላይ የሚኖር ዘመድም አለው። ማዕበሉ ሲመጣ በውሃ ይሸፈናል፤ ውሃው ሲሸሽ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልዩነታቸው በልጆቻቸው ነው። የባሕሩ ሸርጣን ሲፈለፈል ደቃቅ ነው፤ እናቱንም አይመስልም፤ እየተንሳፈፈ ርቆ ይሄዳል። በአንድ ዳርቻ ሸርጣን ቢያልቅ ከሌላ ዳርቻ ዘር በውሃ ተወስዶ ሊመጣ ይችላል። የወንዙ ሸርጣን ግን እንቁላሏን ሆዷ ሥር ታቅፋ ትይዛለች። የሚፈለፈሉትም ከመጀመሪያው ትናንሽ ሸርጣኖች ናቸው፤ ከተወለዱበት ጅረት ብዙ አይርቁም።

ደግሞም የእኛ ወንዝ ባሕር አይደርስም። ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሸርጣናችን ጎርፍ ሲመጣ ድንጋይ ሥር ይገባል፤ ውሃ ሲጎድል ጉድጓድ ይቆፍራል። የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ሲለቀቅበት ግን የት ይግባ? ከአንድ ጅረት ካለቀ ከባሕር የሚመጣለት ተተኪ የለም። ያው ውሃ ደግሞ ከታች ጎመን ይጠጣበታል፤ ጎመኑንም የምንበላው እኛው ነን።

ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ ከልጁ ጋር ሄደን ሸርጣኑን ካገኘበት ድንጋይ ሥር መለስነው። እናንተም ስታገኙት አትግደሉት። ቆሻሻም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፤ የሚጥል ጎረቤት ካለም በሉ ንገሩት።

አሁን ደብተራችሁን ግለጡና ጻፉ፦ «ሸርጣን በወንዛችን ይኖራል።» ጻፋችሁ? ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው። ደኅና ሰንብቱ።