ዲጎክሲን ከመስጠታችሁ በፊት

የነርሲንግ ተማሪዎች፣ «ሃፍ ላይፍ»ን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ኩላሊቱ ደህና በሆነ አዋቂ ላይ የልብ መድኃኒት የሆነው ዲጎክሲን ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል። ነገ ሌላ ኪኒን ስትሰጡ የዛሬው ገና ከግማሽ በላይ አለ ማለት ነው። በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው የደከመ እናት ላይ ይጠራቀማል፤ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በጣም ጠባብ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ስቴቶስኮፑን ደረታቸው ላይ አድርጋችሁ የልብ ምታቸውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ አይሆንም፤ የተዛባ ምት ያታልላል። ከ60 በታች ከሆነ ኪኒኑን አትስጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩ። «ምግብ አስጠላኝ፣ ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል» ካሏችሁም እንደዚያው።