«ሮዳጅ»፣ «መግራት» ወይስ «ማሟሸት»? የታደሰ ሞተር የመጀመሪያ አነዳድ ስያሜ

የሞያ ቃላት በሚዘጋጁበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ችግር ያጋጥማል። አንደኛው ነገሩ ለአገሩ እንግዳ በመሆኑ ስያሜ ሲታጣለት ነው። ሁለተኛው ሥራው በየዕለቱ እየተሠራ ስያሜው ሳይረጋ ሲቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም ተፈታቶ የታደሰ ትንሽ ሞተር ለሙሉ ሥራ ከመሰማራቱ በፊት በጥንቃቄ የሚነዳበትን ጊዜ በአማርኛ ምን እንበለው? የሚለውን ጥያቄ ነው።

ለምሳሌነት የአዊን ዞን መርጠናል። በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የአጭር ርቀት መጓጓዣው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ሞተሩ ሲደክም ይወርዳል፤ ታድሶም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚደረገው አነዳድ የእድሳቱን ዕድሜ ይወስናል። ባጃጁ የአንድ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ መካኒኩ ለሹፌሩ የሚሰጠው ቃል በትክክል መረዳት የሚገባው ነው። ተርጓሚውም ከዚህ ኃላፊነት አያመልጥም። በእንግሊዝኛ የዚህ ሥራ ስያሜዎች ቃል በቃል ቢፈቱ አንደኛው «ሰብሮ መግባት»፣ ሌላው «ወደ ውስጥ መሮጥ» ይሆናሉ፤ እንዲህ የተተረጎመ መመሪያ ሹፌሩን ያሳስት እንደሆነ እንጂ አያስተምረውም።

የጋራዣችን ቃላት ከፊል ታሪካቸው እንደሚታወቀው ከጣልያንኛ ጋር የተያያዘ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ የመሳሰሉት ከዚያ ቋንቋ ገብተው ለምደዋል። የሚገርመው ባጃጅ የሚለው ቃል የሕንድ ኩባንያ ስም ሆኖ ሳለ ተሽከርካሪው ራሱ የዘር ሐረጉ ወደ ጣልያን መመለሱ ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን አፔ አወጣ፤ ባጃጅም በ1960ዎቹ ከፒያጆ ባገኘው ፈቃድ ያመርት ነበር። ስለዚህ የኩባንያ ስም በሆነ የወል ስም የሚጠራን ተሽከርካሪ በጣልያንኛ የመለዋወጫ ስሞች መጠገን ከታሪኩ ጋር የሚጣላ አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት፤ «ማደስ» እና «ማሳደግ» አንድ አይደሉም። ሲሊንደሩ ሲበላ ውስጡ ተሞርዶ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባለታል። የሲሊንደሩ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጨምር፣ የሞተሩ መጠን የሚያድገው 1.7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ እድሳት እንጂ እድገት አይባልም። ማሳደግ የሚባለው የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር ታስቦ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ሆን ተብሎ በሌላ መጠን ሲለወጥ ነው። ሆኖም በሁለቱም አዲስ ፋሻ አዲስ ግድግዳ ይነካልና የመጀመሪያው አነዳድ ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ስያሜውን ለመምረጥ ክንውኑን ማወቅ ግድ ነው። የተሞረደው ግድግዳ በዓይን ለስላሳ ቢመስልም በጥቃቅን፣ በተቆራረጡ ጭረቶች የተሸፈነ ነው። የጭረቶቹ ጫፍ በፋሻው ቀስ በቀስ ይበላል፤ ጥልቀታቸው ግን ዘይት ይዞ መቅረት አለበት። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው በአብዛኛው የሚቃጠለው ጋዝ ግፊት ነው። ስለዚህም ሞተሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ከፍተኛ ጭነት ቢሸከም ሙቀቱ የዘይቱን ሽፋን ይሰብርና ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በአንጻሩ ሁልጊዜ በዝግታ ቢነዳ ግፊቱ ስለሚያንስ ፋሻው አይገጥምም፤ ግድግዳው እንደ መስተዋት ይለሰልስና ሞተሩ ዘይት ይበላል። ትክክለኛው መንገድ መካከለኛ ጭነትን እየሰጡ መቀነስ፣ በአንድ ፍጥነት አለመቆየት፣ ሞተሩን እያሞቁ ማቀዝቀዝ፣ የመጀመሪያውንም ዘይት ከተበላው ብናኝ ብረት ጋር ቶሎ መለወጥ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኗ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በዚያ ቤንዚን ያበዛል፣ የበዛውም ቤንዚን የግድግዳውን ዘይት ያጥባል። «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚለው ምክር ብቻውን የማይበቃውም ስለዚህ ነው።

አሁን ዕጩዎቹን እንመርምር።

«ሮዳጅ» በሹፌሮች ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ሥር ስለሌለው ግሥ ለማውጣት «ሮዳጅ ማድረግ» ማለት ግድ ይሆናል፤ ለሰሚውም የሥራውን ጠባይ አይነግረውም።

«ማሟሟቅ» ሌላ ሥራ አለው፤ ሞተር በየማለዳው ከመነሣቱ በፊት የሚደረግለት ነው። ሁለቱን መቀላቀል ሹፌሩን ለአምስት ደቂቃ ብቻ የሚበቃ ሥራ እንዲመስለው ያደርገዋል።

«መግራት» የሚያጓጓ ዕጩ ነው፤ በተለይም በአዊ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን በሚያከብሩበት አገር ፈረስ መግራት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጭነትን መስጠትና መቀነስ፣ ማስኬድና ማሳረፍ ከሞተሩ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ጉድለቱ ግን መግራት እምቢታን ማሸነፍ መሆኑ ነው፤ ሞተር ፈቃድ የለውም።

«ማሟሸት» ከሁሉ ይቀርባል። አዲስ ምጣድ በእሳትና በቅባት እህል ካልተሟሸ እንጀራው ይይዛል። በዚህ ቃል ውስጥ አዲስነት፣ ሙቀት፣ ቅባትና በደረጃ መሄድ አብረው ይገኛሉ፤ ቸል ማለትም የሚያስከትለው መጣበቅ ነው። ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ምጣድ ሲሟሽ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሲሊንደር ሲሟሽ ግን ጭረቱ መደፈን የለበትም። ይህን ልዩነት ፍቺው መሸከም ይችላል። በእርባታም ቃሉ ለም ነው፦ አሟሸ፣ ተሟሸ፣ ያልተሟሸ ሞተር፣ የማሟሻ ጊዜ፣ የማሟሻ ዘይት።

ስለዚህ የሚከተሉትን ፍቺዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ማሟሸት (ሞተርን)፦ አዲስ ወይም የታደሰ ሞተርን፣ ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እስኪገጥም ድረስ፣ ጭነቱንና ፍጥነቱን እየለዋወጡ በመጠን መንዳት። ተለዋጭ፦ ሮዳጅ።

ማሟሟቅ (ሞተርን)፦ የቀዘቀዘ ሞተርን ከመንዳት በፊት ለሥራ ወደሚስማማው ሙቀት ማድረስ።

ፋሻ፦ በፒስተን ዙሪያ የሚገባ፣ ጋዝ እንዳያመልጥና ዘይት እንዳያልፍ የሚከላከል የብረት ቀለበት። የቁስል መጠቅለያ ከሆነው ፋሻ ጋር በመዝገበ ቃላት በተለያየ ቁጥር ይመዝገብ።

ማደስ እና ማሳደግ፦ የመጀመሪያው የተበላውን መተካት፣ ሁለተኛው ጉልበትን መጨመር።

በመጨረሻም አውኚ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ ለአውኚ የሚሆነው ስያሜ ከአማርኛው ተገልብጦ መወሰድ የለበትም። የቋንቋው ተናጋሪዎች፣ ሞያተኞቹም ጭምር፣ ከራሳቸው ጓዳና ከራሳቸው ፈረስ ቤት ሊፈልጉት ይገባል። ስያሜው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው መካኒኩ ሲናገረው ሹፌሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ከቃሉ ብቻ ሲገባው ነው።