ነጭ ሁሉ ኖራ አይደለም

ባሕር ዳር ላይ “የኖራ ድንጋይ ነው” ተብሎ ለቀረበ ጭነት ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው “ከየት የመጣ ነው?” ብሎ ነው። የከተማዋና የጣና ዳርቻ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ነውና። የኖራ ድንጋይ ግን በጥንት ባሕር ወለል ላይ ከተነጠፈ ደለልና ዛጎል የተፈጠረ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ክምችት ከባሕር ዳር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል በዓባይ ሸለቆ ይገኛል።

ችግሩ በዚያው ሸለቆ ከኖራ ድንጋዩ ንጣፍ ሥር ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም መኖሩ ነው። ሁለቱም ነጣ ያሉ ስለሆኑ ዓይንን ያሳስታሉ። መለያው ቀላል ነው። ጂፕሰም በጥፍር ይጫራል፤ የኖራ ድንጋይ ግን የሚፋቀው በቢላዋ ነው። ከተፋቀው ዱቄት ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጂፕሰም አያረፋም። በጥቁር ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የሞላ ነጭ ማዕድንም አንዳንዴ ስለሚያረፋ፣ ሙከራውን ከጭነቱ ልዩ ልዩ ቦታ በተነሣ ናሙና መደጋገም ይበጃል። የጥራቱን መጠን የሚለየው ግን ላቦራቶሪ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። 100 ኩንታል ንጹሕ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል 44 ኩንታሉ ጋዝ ሆኖ ይበናል፤ የሚቀረው ቢበዛ 56 ኩንታል ኖራ ነው። ድንጋዩን ባሕር ዳር ድረስ አምጥቶ የሚያቃጥል ነጋዴ ለሚበነውም የመኪና ኪራይ ከፈለ ማለት ነው። የተቃጠለው ኖራ ደግሞ ውኃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል በክረምት ያለ ሸራ አይጫንም።

ፈላጊው ጥንታዊ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1621 ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ አገኘ፤ በጢስ ዓባይ ያለው አሮጌ ድልድይም የተገነባው በኖራ ነው። ዛሬ ከግንባታ በተጨማሪ አፈሩ አሲዳማ የሆነበት የጎጃምና የአዊ ደጋ ገበሬ ኖራ ይሻል። ለእርሻ ማቃጠል አያስፈልግም፤ ድንጋዩ ደቅቆ መፈጨቱ ይበቃል። ለአንድ ሄክታር የሚፈለገው ግን በኩንታል የሚቆጠር በመሆኑ ትርፉን የሚበላው ማጓጓዣው ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ሦስት ነገር በውል ላይ ይስፈር፤ ድንጋዩ ከየት እንደወጣ፣ ጥሬ ወይስ የተቃጠለ መሆኑ፣ ኪራዩንም ማን እንደሚችል።